ደሴ ሌላ፣ ኮምቦልቻ ሌላ፦ ለየመስኮቱ ብላይንድ መርጦ መስቀል

ከደሴ ተነስቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ የወረደ ሰው ኮምቦልቻ ሲገባ ኮቱን አውልቆ ክንዱ ላይ ያንጠለጥላል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ከፍታው ግን ከ2,500 ሜትር አካባቢ ወደ 1,850 አካባቢ ያሽቆለቁላል። ሰውየው ኮቱን ያወለቀበት ከተማ ውስጥ መስኮቱ የደሴውን ልብስ እንደለበሰ ሲጠብቀው ግን ደጋግሜ አይቻለሁ። ለሳሎኑም፣ ለመኝታ ቤቱም፣ ለማድ ቤቱም አንድ ዓይነት ብላይንድ (የሚከፈትና የሚዘጋ የመስኮት መከለያ)፣ አንድ ዓይነት ቀለም፤ ያውም ዘመድ ቤት ታይቶ «እንደዚያው አድርጉልኝ» የተባለ።

እኔም ከዚህ አላመለጥኩም። ደሴ ላይ ወደ ምሥራቅ ለሚያየው ሳሎኔ ብርሃን ጨርሶ የማያሳልፍ ጥቁር ሮለር፣ ማለትም በቱቦ ላይ የሚጠቀለል ጨርቅ፣ ገዝቼ ሰቀልኩ። ሲያዩት ያምራል። በኅዳር ጠዋት ግን ያን ክፍል የሚያሞቀው የማለዳ ፀሐይ ብቻ ነበር፤ እሱን በገንዘቤ ዘግቼ ጋቢ ተከናንቤ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ ብላይንድ የሚገዛው ለቤት አይደለም፣ ለእያንዳንዱ መስኮት ነው።

ሱቅ ከመሄድ በፊት፦ መስኮቱ ፊት አንድ ቀን መዋል

በስልክዎ ኮምፓስ መስኮቱ ወደየት እንደሚያይ ይወቁ። ከዚያ ፀሐይ ወደ ክፍሉ የምትገባበትን ሰዓት፣ እስከ ምን ድረስ ዘልቃ እንደምትገባና ማንን እንደምታስቸግር ይመዝግቡ። ወለሉ ላይ በቾክ ምልክት ማድረግ ይበቃል፤ በጠዋቱ 2 ሰዓት፣ በ4 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ በ9 እና በ11 ሰዓት።

ወሎ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሆነ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ አናታችን አጠገብ ናት። በሚያዝያ አጋማሽ ልክ በአናት ታልፋለች፤ ከዚያ እስከ ነሐሴ አጋማሽ በጥቂቱ ወደ ሰሜን ትሆናለች፤ የቀረውን ጊዜ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በዚህ ምክንያት ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ሰው እንደሚፈራው ክፉ አይደለም። ፀሐይ እጅግ ዝቅ በምትልበት በታኅሣሥ እንኳ፣ እኩለ ቀን ላይ 60 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ የወጣ የጣሪያ ክፈፍ ግድግዳው ላይ ወደ 85 ሳንቲ ሜትር ቁልቁል ያጠላል። ያው ክፈፍ በምዕራብ ግድግዳ ላይ፣ በመጋቢት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የሚሰጠው ጥላ የዚያ ግማሽ ያህል ቢሆን ነው፤ ሰዓቱ በገፋ ቁጥር ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። የሚያስቸግሩት የምሥራቅና የምዕራብ መስኮቶች ናቸው፤ ገንዘብዎንም እነሱ ላይ ያውሉ። ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ፀሐይ የሚያገኘው በዋናነት ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ነው፤ ከዚያ ውስጥ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ሰማዩ ደመና ነው። እሱ ላይ የሚያሳስበው የሰው ዓይን ብቻ ነው።

ቦታው ይህን ሁሉ ይለውጠዋል። ደሴ ውስጥ ፀሐይ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ቀድማ ስለምትገባ የምዕራብ መስኮት እንደ ኮምቦልቻው አይንገበገብም። እዚያ የሚፈለገው ጠዋት ተጠቅልሎ የሚነሳ፣ ማታ ወርዶ የመስታወቱን ቅዝቃዜ የሚያግድ ወፍራም ጨርቅ ነው። ኮምቦልቻና ቆቦ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ዋናው ሥራ ሙቀት መመለስ ነው። እዚህ ላይ ሻጮች የማይነግሩዎት አንድ ነገር አለ። ፀሐይ መስታወቱን ካለፈች በኋላ ሙቀቱ ቤት ገብቷል፤ ብላይንዱ የሚመልሰው በመስታወቱ በኩል መልሶ የሚያንጸባርቀውን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ጀርባው ነጭ ወይም ብርማ የሆነውን ይምረጡ፤ ጥቁር ጀርባ ሙቀቱን ውጦ ለክፍሉ ያድለዋል። ከዚያም የሚሻለው ከውጭ የሚመጣ ጥላ ነው፤ በረንዳ፣ ዛፍ፣ የተወጠረ ሸራ። እነዚህ ካሉ ብላይንዱ ርካሽ ቢሆንም ይሠራል።

ማታ ወጥቶ ራስን ማየት

ዓይን ከጨለማ ወደ ብርሃን ነው የሚያየው። የእናቶቻችን የዳንቴል መጋረጃ ቀን ቀን ከውስጥ መንገዱን እያሳየ ከውጭ የሚሸፍነው በዚህ ነው፤ ማታ መብራት ሲበራ ግን ዳንቴሉ እንደሌለ ይቆጠራል። ዛሬ በውድ የሚሸጠው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የስክሪን ጨርቅም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ሻጩ «ከውስጥ ያሳያል፣ ከውጭ አያሳይም» ሲልዎት እውነቱን ነው፤ ያልነገረዎት «እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት» የሚለውን ነው።

ስለዚህ አንድ ምሽት መብራቱን አብርተው፣ ቤተሰቡን በተለመደ ቦታው አስቀምጠው፣ ወደ ውጭ ይውጡ። ከመንገዱ ይዩ፤ ከተቻለም ከጎረቤት ደጅ። ሜዳ ላይ በተሠራ ቤት መጅሊስ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ከወለሉ 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ስለሚሆን የመስኮቱ ደፍ ራሱ ይከልለዋል፤ የሚታየው የቆመ ሰው ነው። ደሴ ግን ሜዳ አይደለችም። ዳገት ላይ ያለ ጎረቤት ከራሱ ደጅ ቆሞ መጅሊስዎን፣ የቡና ረከቦቱን፣ ሲኒውን ሳይቀር ሊቆጥር ይችላል። ከየት በኩል እንደሚታዩ ካላወቁ ትክክለኛውን ብላይንድ መምረጥ አይችሉም።

የትኛው ለየትኛው

ሮለር አንድ ጨርቅ በቱቦ ላይ የሚጠቀለልበት ነው። ቀላል፣ ንጹሕ፣ ለመስቀልም የማያስቸግር ነው፤ ባሕርዩን የሚወስነው ጨርቁ ነው። ብርሃን ጨርሶ የማያሳልፈው ለመኝታ ቤት፣ በተለይ ሌሊት ተረኛ ሆኖ ቀን ለሚተኛ ሰው ይስማማል። ብርሃን አለዝቦ የሚያሳልፈው ለሳሎን ነው። ስክሪኑ የሚመረጠው በቀዳዳው መጠን ነው፤ 1፣ 3፣ 5 ወይም 10 በመቶ ክፍት ይባላል። ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑና እይታው ይቀንሳል፣ መከለሉ ይጨምራል። ጥቁር ስክሪን ውጭውን አጥርቶ ያሳያል፣ ነጩ ደግሞ ሙቀት ይመልሳል፤ በሁለቱም ፊት አንድ ቀለም በሆነ ጨርቅ ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት አይቻልም።

ዜብራ የሚባለው አሁን አሁን ሠርግ ያለበት ቤት ሁሉ የሚሰቅለው ነው። ስስና ወፍራም መስመር ያለበት ጨርቅ ታጥፎ ይወርዳል፤ ወፍራሙ ከወፍራሙ ሲገጥም ክፍት፣ ወፍራሙ ስሱን ሲሸፍን ዝግ ይሆናል። ይህ ያምራል፤ ለሳሎንም ጥሩ ነው። ዝግ ሲሆን ግን በመስመሮቹ መካከል ብርሃን ስለሚሾልክ ለመኝታ ቤት አልመክርም። ቁመታም ቅጠሎች ያሉት ቨርቲካል የቢሮ ዕቃ ነው፤ ሰፊ መስኮትና የበረንዳ በር ካልሆነ በቀር ቤት ውስጥ ባይገባ ይሻላል። ቅጠሎቹ በነፋስ ይንኳኳሉ፣ ልጆች ይገነጥሏቸዋል።

እኔ ለደሴ ዳገት የማደላው በአግድም የተደረደሩ ስስ ቅጠሎች ላሉት ቬኔሺያን ነው፤ ምክንያቱም ከላይ ወይም ከታች የሚመጣን ዓይን ለይቶ የሚከለክል እሱ ነው። ቅጠሉን ሲያዞሩ በመስታወቱ በኩል ያለው ጠርዝ ዝቅ፣ በእርስዎ በኩል ያለው ከፍ ካለ፣ ክፍተቱ ከውጭ ታች ወደ ውስጥ ላይ ይሆናል። ከዳገቱ ላይ ቁልቁል የሚያይ ሰው የሚያየው የቅጠሉን ጀርባ ነው፤ ከታች መንገድ ላይ ያለው ደግሞ ኮርኒስዎን ብቻ ያያል። ፀሐይም ከላይ ስለምትመጣ እዚያው ትመለሳለች። በተቃራኒው ቢያዞሩት፣ የውጭው ጠርዝ ከፍ ብሎ የውስጡ ዝቅ ሲል፣ የሰማዩ ብርሃን ይገባል፤ ከታች የሚያይም አያገኝዎትም፤ የላይኛው ጎረቤት ግን ወለልዎን ያያል። ብዙ ሰው «ተዘግቷል» ብሎ የሚተወው በዚህ በተሳሳተው በኩል አዘንብሎት ነው። የወጥ እንፋሎትና የዘይት ተን ለሚበዛበት ማድ ቤትም የአልሙኒየም ቅጠል ይስማማል፤ ጨርቅ እዚያ ዓመት ሳይሞላው ይጠቁራል።

ለመታጠቢያ ቤትና ግድግዳ መብሳት ለማይፈቀድለት ተከራይ ብላይንድ ከመግዛት ይልቅ መስታወቱን ነጭ የሚያደርገውን ስቲከር እመክራለሁ። ቀንም ማታም ይሸፍናል፤ የሚወስድብዎት እይታውን ነው። ርካሽ ነው፤ በሳሙና ውሃ ተረጭቶ በካርድ እየተጠረገ ይለጠፋል።

ውስጥ ወይስ ላይ

ብላይንዱ በመስኮቱ ክፍተት ውስጥ ሊገባ ወይም ከክፍተቱ በላይ ግድግዳው ላይ ሊሰቀል ይችላል። ውስጥ የገባ ሥርዓት ያለው ይመስላል፤ ግን ከብረት ፍርግርጉና ከእጀታው እስከ ግድግዳው ጠርዝ ድረስ ቢያንስ 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ይጠይቃል። በከተሞቻችን ብዙ መስኮት ፍርግርጉ በውስጥ በኩል ስለሆነ ይህ ቦታ አይገኝም። በተጨማሪ በሁለቱ ጎኖች ብርሃን ይሾልካል። ለመኝታ ቤትና ለመንገድ ዳር መስኮት፣ ግድግዳው ላይ መስቀል ይሻላል፤ ጎንና ጎኑን 10 ሳንቲ ሜትር፣ ከላይም እንዲሁ፣ ከታች ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ይለፍ።

ሮለር ውስጥ ገብቶ እጀታውን የሚነካ ከሆነ ጨርቁ ከቱቦው ፊት በኩል እንዲወርድ አድርገው ማሳዘዝ ይቻላል። በተለመደው አሠራር ከቱቦው ጀርባ፣ ወደ መስታወቱ ተጠግቶ ነው የሚወርደው። ይህ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ያተርፋል፤ ብዙ ጊዜም ይበቃል።

ልኬት

አንድ ጊዜ መሐሉን ለክቼ፣ ያውም በልብስ ሰፊ ሜትር፣ አሠርቼ አውቃለሁ። የቤቱ ባለቤት «አብሽር፣ ይበቃል» ሲለኝ እኔም አመንኩ። ከላይ በኩል ግድግዳው አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ጠብቦ ነበርና አልገባም። የእኛ ልስን ቀጥ ያለ አይደለም፤ ቀጥ ያለ ነው ብሎ የሚለካ ሰው ይከፍላል።

የብረት ሜትር ይያዙና በሚሊ ሜትር ይጻፉ። ውስጥ ለሚገባ፣ ስፋቱን ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ለክተው ትንሹን ይውሰዱ። ቁመቱን ከግራ፣ ከመሐልና ከቀኝ ለክተው ትልቁን ይውሰዱ። ማዕዘን ከማዕዘን በሰያፍም ይለኩ፤ ሁለቱ ሰያፎች በጣም ከተለያዩ መስኮቱ ዘሟል ማለት ነውና ግድግዳው ላይ መስቀሉን ይምረጡ። ከስፋቱ ላይ ለመንቀሳቀሻ አንድ ሳንቲ ሜትር የሚቀንሰው ማን እንደሆነ፣ እርስዎ ወይስ ሠሪው፣ አስቀድመው ይነጋገሩ። ሁለታችሁም ከቀነሳችሁ ብላይንዱ ይጠባል፤ ማንም ካልቀነሰ አይገባም።

የሮለር ጨርቅ ከብራኬቱ (ግድግዳው ላይ ከሚታሰረው መያዣ) ውጭ ጠርዝ ሁልጊዜ ይጠባል፤ በጠቅላላው ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር። ሰንሰለቱና ምሶሶው (ቱቦውን ብራኬቱ ላይ የሚይዘው ጫፍ) የሚቀመጡበት ቦታ ነው። ስለዚህ ሲያዝዙ የሰጡት ስፋት የጨርቁ ይሁን የጠቅላላው ግልጽ ያድርጉ። ወረቀቱ ላይ ስፋት ቀድሞ፣ ቁመት ተከትሎ፣ ሰንሰለቱ በየትኛው እጅ በኩል እንደሚሆን፣ ውስጥ ወይም ላይ መሆኑ፣ የክፍሉም ስም ይጻፍ። ዋጋው ብዙ ጊዜ በካሬ ሜትር ስለሚሰላ፣ ከአንድ ካሬ በታች የሆነች ትንሽ መስኮት እንደ ሙሉ ካሬ ትቆጠር እንደሆነ ይጠይቁ። ጨርቁን ደግሞ በሱቁ መብራት አይመኑ፤ ቁራጭ ናሙና ይዘው ወደ ደጅ ወጥተው ፀሐይ ላይ ያንሱት።

ግድግዳውን ማወቅ

የሚያስፈልግዎት ድሪል፣ ውሃ ልክ፣ እርሳስ፣ ካቻቢቴ፣ የ6 ሚሊ ሜትር መብሻ፣ በልኩ ፊሸር (ብሎኑን ግድግዳው ውስጥ የሚይዝ የፕላስቲክ መሰኪያ) እና ብሎን፣ የማይወዛወዝ መሰላል ነው። ዓይንዎን የሚከልል መነጽር ይልበሱ፤ ቁልቁል የሚዘንበው የሲሚንቶ ብናኝ ፊትዎ ላይ ነው።

ከመብሳትዎ በፊት ግድግዳው ምን እንደሆነ ይወቁ። ከመስኮቱ በላይ አብዛኛውን ጊዜ የኮንክሪት ማሰሪያ አለ፤ እሱ ጠንካራ ስለሆነ የሚመታ ድሪል ይጠይቃል። ከበሱት በኋላ ግን ፊሸሩን አጥብቆ ይይዛል። ከማሰሪያው ጎን ወጣ ካሉ ብሎኬት ይገጥምዎታል፤ ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው። መብሻው በድንገት ወደ ውስጥ ከሰመጠ ባዶው ጋ ደርሰዋል፤ አጭር ፊሸር እዚያ ይሽከረከራል እንጂ አይይዝም። መፍትሔው ቀጭን ጣውላ በአራት ወይም በአምስት ቦታ ግድግዳው ላይ አስሮ ብራኬቶቹን ጣውላው ላይ ማሰር ነው። ጣውላውን የግድግዳውን ቀለም ከቀቡት አይታይም። ልስኑ ብቻውን ሁለት ሳንቲ ሜትር ሊወፍር ስለሚችል ቀዳዳው ከ5 ሳንቲ ሜትር አይነስ።

የጭቃ ቤት ከሆነ ጭቃው ላይ ፊሸር መትከል ከንቱ ድካም ነው። የመስኮቱ የእንጨት መቃን ካለ ብራኬቱን ቀጥታ እሱ ላይ ይግጠሙ። ከሌለ ልስኑን በጣትዎ እያንኳኩ ድምፁ የሚለወጥበትን፣ ቋሚው ያለበትን ቦታ ይፈልጉ። የደረቀ ባሕር ዛፍ ስለሚሰነጠቅ በ3 ሚሊ ሜትር መብሻ ቀድመው ይብሱት።

የኤሌክትሪክ መስመር ግድግዳ ውስጥ ተቀብሯል። ከማብሪያና ማጥፊያ ወይም ከሶኬት ቀጥታ ወደ ላይ፣ ከኮርኒስ ሥር ካለው ክብ ሳጥንም ወደ ጎን ይሄዳል። በእነዚህ አቅጣጫዎች ላይ አይብሱ፤ ከጠረጠሩ ቦታውን ይቀይሩ።

መስቀል

ሁለቱን ብራኬቶች አስቀምጠው ቀዳዳቸውን በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። ልኩን ከኮርኒሱ አይውሰዱ፤ ኮርኒስ ያዘነብላል። ውሃ ልኩን ከምልክት ምልክት ያስቀምጡ። አንድ ነጠላ ሚሊ ሜትር ባይታይዎትም ሮለር ያየዋል፤ ጨርቁ እየተጠቀለለ ወደ አንድ ጎን ይሄድና ጠርዙ ብራኬቱን እያሻሸ ይተረተራል። ከቀዳዳው በታች የታጠፈ ወረቀት በፕላስተር ቢለጥፉ ብናኙን ይቀበላል፤ መጅሊሱ ከታች ካለ ይህን አይዝለሉ።

በስተው፣ ብናኙን ነፍተው፣ ፊሸሩን እስከ ልስኑ ፊት ድረስ ያስገቡ። ብራኬቱን በብሎን ይግጠሙ፤ ግን ብሎኑን መጀመሪያ አያጥብቁት። ሮለር ከሆነ የሰንሰለቱን ጫፍ አስቀድመው ያስገቡ፤ ቀጥሎ የሌላውን ጫፍ ምሶሶ በጣት ጫን አድርገው ብራኬቱ ውስጥ ይልቀቁት። ሦስት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ያውርዱና ያንሱ። ጨርቁ ከሄደ አንዱን ብራኬት በቀጭን ካርቶን ከፍ አድርገው ያስተካክሉ፤ ቀጥ ሲል ብሎኑን ያጥብቁ። ቬኔሺያን ከሆነ የላይኛውን ሳጥን ወደ ብራኬቶቹ አስገብተው መዝጊያዎቹን ቀጭ እስኪሉ ይዝጉ፤ ስፋቱ ከ1.5 ሜትር ከበለጠ መሐል ላይ ተጨማሪ ብራኬት ያድርጉ፤ አለዚያ ሳጥኑ ይጎብጣል።

ሰንሰለቱና ልጆች

ይህን ክፍል የሚዘል ሰው አይስቀል። ክብ ሆኖ የተንጠለጠለ ሰንሰለት ወይም ገመድ በሕፃን አንገት ላይ ሲጠመጠም ድምፅ ሳያሰማ ያንቃል። ቤታችን ውስጥ ፍራሽና መጅሊስ ብዙ ጊዜ ከመስኮት ሥር ስለሚቀመጥ ልጅ በቀላሉ ይደርስበታል። ከብላይንዱ ጋር የምትመጣውን የሰንሰለት መያዣ ከሳጥኑ አውጥተው አይጣሉ፤ ሰንሰለቱ ተወጥሮ ግድግዳው ላይ እንዲቆም ከታች በብሎን ትታሰራለች። የነጠላ ገመድ ጫፍ ከወለሉ ከ1.5 ሜትር በላይ ይሁን። የሕፃን አልጋ ካለበት ክፍል ደግሞ ሰንሰለት የሌለውን፣ በእጅ የሚጎተተውን በስፕሪንግ የሚሠራ ሮለር ይግዙ።

ከሰቀሉት በኋላ

አልሙኒየሙን ዘግተው በደረቅ ጨርቅ ከዳር እስከ ዳር ይጥረጉ፤ ከዚያ ገልብጠው በሌላው ጎን ይድገሙት። የኮምቦልቻ አቧራ በውሃ ሲነካ ጭቃ ስለሚሆን መጀመሪያ ደረቁን ያራግፉ። የሮለር ጨርቅ አይነከርም፤ በረጠበ ስፖንጅ ይታበሳል፤ ሳይደርቅም አይጠቀለል፤ ይሻግታል።

የቡናው ነገር ግን ከአቧራው ይብሳል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ዕጣኑ ሲታጠን ጭሱ የሚወጣው በመስኮቱ በኩል ነው፤ የዕጣኑ ሙጫ ደግሞ ነጭ ጨርቅ ላይ ቢጫ ሆኖ ይቀመጣል፤ በሳሙናም አይለቅም። ቡና የሚፈላበት ጥግ ያለውን መስኮት ወይ በአልሙኒየም ይሸፍኑት፣ ወይ ጨርቁን ቡናማ ያድርጉት። ረከቦቱ ሲዘረጋ ብላይንዱን ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ ጠቅልለው ያንሱ። የከሰል ምድጃውንም ቢያንስ አንድ ሜትር ከመስኮቱ ያርቁ፤ ብዙው የብላይንድ ጨርቅ ከፕላስቲክ ክር የተሠራ ስለሆነ ፍንጣሪ ሲነካው ቀልጦ ይቀዳደዳል፣ ሊቀጣጠልም ይችላል።

የልኬቱን ወረቀት ከተረፉት ብሎኖች ጋር በአንድ ፌስታል አድርገው መሳቢያ ውስጥ ያኑሩት። ሰንሰለቱ የተበጠሰ ቀን ሠሪው መጀመሪያ የሚጠይቅዎት እሱን ነው።